ኢሜይልን በኮፒ ቤት ኮምፒውተር መክፈት

አዲስ አበባ ውስጥ የሥራ ማመልከቻውን ወይም የትምህርት ማስረጃውን ፕሪንት ለማስደረግ ኮፒ ቤት የሚገባ ሰው ፍላሽ ካልያዘ፣ በዚያው ኮምፒውተር ብሮውዘር ከፍቶ የኢሜይል አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን ያስገባል፤ ከዚያም አባሪውን አውርዶ ያስወጣል። ይህ የሚቻለው መልእክቶቹ የሚቀመጡት በአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ነው። ሆትሜይል የተባለው የኢሜይል አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1996 ይህን አሠራር በነፃ ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ የራሱ ኮምፒውተር ለሌለው ሰው የዋለው ውለታ ቀላል አልነበረም።

ችግሩ ያለው ከኢሜይሉ አወጣጥ ላይ ነው። መስኮቱን መዝጋት ከኢሜይሉ መውጣት (ሳይን አውት ማድረግ) የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የይለፍ ቃላችን ትክክል መሆኑ አንዴ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ሰርቨሩ ኩኪ የሚባል መለያ ለብሮውዘሩ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ የምንታወቀው በዚህ መለያ በመሆኑ፣ ሳንወጣ ከሄድን ቀጥሎ የሚቀመጠው ደንበኛ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ የእኛን ደብዳቤዎች ሊያነብ ይችላል።

በክሮም ላይ ኢንኮግኒቶ የሚባለው መስኮት ለዚህ ይረዳል፤ የተከፈቱት የኢንኮግኒቶ መስኮቶች ሁሉ ሲዘጉ ኩኪዎቹ ይሰረዛሉ። የወረደውን ፋይል ግን አይነካውም። ከኢሜይሉ በሥርዓቱ የወጣ ጠንቃቃ ሰው እንኳ የፓስፖርቱን ቅጂ ዳውንሎድስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ለማንም ትቶ ሊሄድ ይችላል፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ጂሜይል የፒዲኤፍ አባሪን ሳያወርዱ እዚያው ገጽ ላይ ከፍቶ ፕሪንት ማድረግን ስለሚፈቅድ ይህን መንገድ መጠቀም ይሻላል። የግድ ከወረደም ፋይሉን ሰርዞ፣ የተሰረዙ ፋይሎች የሚቆዩበትን ሪሳይክል ቢን ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ወረፋ የያዙት ሰዎች ቢያጉረመርሙም ጥቂት ይታገሡ።

ሳይወጣ መሄዱ ቤት ከደረሰ በኋላ ትዝ ያለው ሰው ጂሜይልን በኮምፒውተር ከፍቶ ከመልእክቶቹ ዝርዝር ግርጌ በስተቀኝ ያለውን አነስተኛ ማስፈንጠሪያ ይጫን፤ ኢሜይሉ በቅርቡ የት እንደተከፈተ ያሳየዋል፣ ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመውጣትም ያስችለዋል።

ኮምፒውተሩ ራሱ የምንጽፈውን ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም ካለበት ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የይለፍ ቃሉን አያድነውም። ስለዚህ ስልኬ በእጄ ካለ ፋይሉን ብቻ በቴሌግራም ለኮፒ ቤቱ ሠራተኛ እልካለሁ፤ አንዱ ሰነድ እዚያ ቢቀር እንኳ የዓመታት ደብዳቤዬ አብሮ አይቀርም።