ኩኪሴ አበባ አልሆንም ብሎኝ ነበር

ለእንቁጣጣሽ በአደይ አበባ ቅርጽ የተቆረጠ ኩኪስ ልጋግር ብዬ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ እየተለማመድኩ ነው። እስካሁን አራት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁለቱ ከሸፉ፣ አንዱ የቡና ቁርስ ሆኖ አለፈ፣ አራተኛው ግን አበባ መሰለ።

የመጀመሪያው ቀን ሊጡ መዳመጫው ላይ ተጣበቀብኝ። እኔ ዳቦ ሳቦካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሊጥ ሲያጣብቅ ዱቄት መነስነስ ነው የማውቀው። ነሰነስኩ። አሁንም ሲያጣብቅ ጨመርኩ፣ አሸሁት። ቅርጹስ ጥሩ ነበር፤ ልጄ ግን አንዴ ነከሰና «እማ፣ ይሄ ይበላል?» አለኝ።

ለካ ሊጡ ዱቄት አላነሰውም፣ ሞቆ ነው። ቅቤው ቶሎ ይለስልስ ብዬ ምድጃው አጠገብ ትቼው ግማሹ ቀልጦ ነበር። የጨመርኩት ዱቄትና ማሸቱ ደግሞ አደነደነው። አሁን ሲያጣብቀኝ ዱቄቱን አልነካም፤ ሊጡን እንደ ቂጣ ጠፍጠፍ አድርጌ በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆየዋለሁ። ድቡልቡል አድርጋችሁ ካስገባችሁት ዳሩ ድንጋይ ሆኖ መሃሉ ገና ለስላሳ ነው።

ሁለተኛው ቀን ሌላ ጉድ። ተዳመጠ፣ ተቆረጠ፣ ደስ አለኝ። ኦቨን ውስጥ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው አበቦቹ ተስፋፍተው ተያያዙ፤ ያወጣሁት አንድ ትልቅ ቂጣ ነው። አሠራሩን የወሰድኩት ከውጭ ነበር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው አየር ከቆላው ይበልጥ ይነፋል። ቅርጽ ለሚቆረጥ ኩኪስ ጭራሽ ተውኩት፣ አልጎደለብኝም።

ሦስተኛው ተቃራኒው ሆነ፤ መዳመጫው ሲነካው ተፈረካከሰ። ዱቄቱን ኩባያ ውስጥ ጠቅጥቄ ለክቼ ነው። ሳስበው ያው አንድ ኩባያ፣ ቀስ ተብሎ ሲሞላ 120 ግራም፣ ሲጠቀጠቅ 150 ይደርሳል። በሻይ ማንኪያ ወተት ጠብ እያደረግኩ ሰበሰብኩት፤ ሁለት ማንኪያ በቃው። ትንሿን ሚዛን የገዛሁት በማግስቱ ነው።

አራተኛው እንዲህ ነበር፦ 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ ጨው ቆንጠር፣ ትንሽ ቫኒላ። እንቁላል የለም። (ለጋ ቅቤም ሞክሬ ነበር፤ ሽታው ኩኪሱን ዋጠው።) በሁለት ፌስታል መሃል ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አድርጌ ዳመጥኩና ቆረጥኩት። ከዚያ ትሪውን እንዳለ ለ15 ደቂቃ ፍሪዘር አስገባሁ፣ መብራት ሄደ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፍሪዘሩን ሳልከፍት ጠበቅሁ። መብራቱ ሲመጣ 180 ዲግሪ ላይ አሥር ደቂቃ ጋገርኩት፤ ዳር ዳሩ ብቻ ወርቃማ ሆነ፣ የቅጠሎቹ ጫፍ እንኳ አልደበዘዘም።

ቁርጥራጩን ደጋግሞ መዳመጥ ግን አይመከርም፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ይጠነክራል። እሱን የልጆቹ መቅመሻ አደረግኩት።

የቀረኝ ቢጫው ቅብ ነው። በእንቁላል ነጭና በተፈጨ ስኳር ሠርቼው ማታ ቀባሁ፣ በዚህ ዝናብ ጠዋትም እጅ ላይ ይለጠፋል። በክረምት ቶሎ የሚያደርቅ ዘዴ ያላችሁ ንገሩኝ፣ በዓሉ ሳይደርስብኝ።