ዳማ ከሐኪም ስትመለስ

ዳማና ቡሬ እህትማማች ድመቶቼ ናቸው። 3 ዓመት ሙሉ ከአንድ ሳህን በልተው፣ አንድ ወንበር ላይ ተቃቅፈው የኖሩ። የዛሬ 9 ቀን ግን ቡሬ እህቷን ልትቦጫጭቃት ደረሰች።

ዳማን እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን ላስደርጋት ጠዋት በካርቶን አድርጌ በባጃጅ ወሰድኳት። ማታ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤታችን ይዣት ገባሁ። ካርቶኑን ሳሎን አስቀምጬ ከፈትኩት። ቡሬ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ እየሮጠች መጣች። አሸተተች። ቀጥ ብላ ቆመች። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተለጠፉ፤ የጀርባዋ ፀጉር እንደ ብሩሽ ቆመ። ከጉሮሮዋ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ወጣ። ዳማ ማደንዘዣው ገና አልለቀቃትም። ልትሸሽ ብትፈልግ እግሯ አልታዘዝ አላት። አንጀቴን በላችኝ።

እኔ ደግሞ ነገሩን አባባስኩት። ቡሬን አንስቼ «እህትሽ እኮ ናት!» እያልኩ አፍንጫዋን ወደ ዳማ አስጠጋሁ። ክንዴን ቧጥጣ አመለጠች። ዳማ እየተንገዳገደች አልጋ ሥር ገባች።

«ተዋቸው ልጄ፣ በግድ አይሆንም» አለች እማዬ። ጎረቤታችን ግን «አቦ፣ ግረፋት እንጂ!» አለኝ። አልገረፍኳትም። ዳማ በመጣች ቁጥር ቡሬ ዱላ ከቀመሰች፣ እህቷን ሁሌም ከህመም ጋር ነው የምታያይዛት።

ሐኪሙ ጋ ስደውል ነገሩ ገባኝ። ድመት ዘመዷን ከመልክ ይልቅ በጠረን ነው የምትለየው። አብረው የሚኖሩ ድመቶች ጉንጭ ለጉንጭ የሚተሻሹትና የሚላላሱት ለዚህ ነው፤ የጋራ የቤት ጠረን ይሠራሉ። ዳማ ያንን ጠረን ክሊኒክ ጥላው መጣች። የመድኃኒት፣ የአልኮልና የማታውቃቸው እንስሳት ሽታ ይዛ ነው የገባችው። ቡሬ ያየችው እህቷን ሳይሆን የእህቷን መልክ የያዘ ባዕድ ነው። ይህን ሳውቅ ንዴቴ ሁሉ ጠፋ።

ለያየኋቸው። ድሬ ላይ በር ዘግቶ መዋል በሙቀቱ የማይታሰብ ስለሆነ፣ ክፍሌን ከነቬንትሌተሩ ለዳማ ለቀቅኩላት። እኔ በረንዳ ላይ አደርኩ። አሮጌ ሽርጤን ለሁለት ቀድጄ አንዱን ለዳማ፣ አንዱን ለቡሬ አነጠፍኩ። በማግስቱ አለዋወጥኩት። ቡሬ መጀመሪያ ጨርቁ ላይ እፍፍ አለችበት። ከሰዓት በኋላ መለስ ብላ አሸተተችው። ማታ ጫፉ ላይ ተኛች። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ምግባቸውን ከበሩ ወዲህና ወዲያ አደረግኩ፣ መጀመሪያ ራቅ አድርጌ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አስጠጋሁት። በአምስተኛው ቀን ቡሬ ጉበቷን ጨርሳ እጇን በበሩ ሥር ሰደደች። ጥፍሯን አላወጣችም። ከወዲያ ዳማ መዳፏን ነካ አደረገቻት። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ነበር የማየው፤ ትንፋሼን ውጬ።

ሁለቱንም አብሬ ወስጃቸው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ያንኑ ሽታ ይዘው ይመለሱ ነበር። ቀጣዩ ክትባት ላይ እንደዚያ አደርጋለሁ።

ትናንት በሩን ገርበብ አደረግኩት። ቡሬ ቀስ ብላ ገባች። የዳማን ጆሮ ሁለት ጊዜ ላሰችና ወጣች። ስፌቱ እስኪድን ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል፣ መታገልም መዝለልም አይገባትም። እስከዚያ ማታ ማታ በሩን እዘጋዋለሁ፤ እኔም በረንዳዬ ላይ ነኝ።