«እርስዎ?» ወይስ «አንተ?»

ድምፅ አልባ ፊልም መተርጎም ቀላል ነው የሚል ሰው ያናድደኛል። የቻፕሊን «ሲቲ ላይትስ» በምስሎቹ መሀል የሚመጣው ጽሑፉ ጥቂት ነው። እኔ ግን በአንዲት ቃል ከአርታኢዬ ጋር ተኳርፌበታለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1931፣ ሆሊውድ በአብዛኛው ወደ ድምፅ ፊልም ከገባ በኋላ ነው። ምስኪኑ ሰውዬ ፖሊስ ሽሽት በቆመ የሀብታም መኪና ውስጥ አቋርጦ ሲወርድ፣ ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ የበሩን ድምፅ ሰምታ ባለመኪና ነው ብላ ታስባለች። «ጌታዬ» ትለዋለች። የእንግሊዝኛው «ዩ» ለሀብታሙም ለድሃውም አንድ ነው፤ አማርኛ ግን ምረጪ ይላል። በ«እርስዎ» ሄድኩ።

መጨረሻ ላይ ዓይኗ በርቷል፣ አበባ ቤት ከፍታለች። ቡቱቶ ለለበሰው ለዚያው ሰውዬ፣ ማንነቱን ሳታውቅ፣ ሳንቲም ልታስጨብጠው እጁን ትይዛለች። ጣቶቿ እዚያው ይቀራሉ። እጁን ትዳብሳለች፣ ከዚያ ኮቱን። ጽሑፉ አንዲት ቃል ነው፤ «እርስዎ?» ብዬ አስገባሁ።

አርታኢዬ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ቡቱቶውን እያየች እኮ ነው። ‹አንተ?› አድርጊው።»

«ጋሼ፣ ያወቀችው በእጇ ነው እንጂ በዓይኗ አይደለም። ያ እጅ ደግሞ ለእሷ ሁልጊዜ ‹እርስዎ› ነው።»

«ፍቅርስ? ‹አንተ› የፍቅርም አይደለም እንዴ?»

ለዚህ መልስ አጣሁ። «እናስብበት» ተባብለን ተለያየን።

ፊልሙ በታየ ቀን ከሥር የመጣው «አንተ?!» ነው። ቃለ አጋኖ ተጨምሮበታል። ከኋላ የተቀመጡ ወጣቶች ሳቁ። አልፈርድባቸውም፤ «አንተ!» በየቤታችን ልጅ ሲያጠፋ የሚባል ነው። ሳቁ ሳይበርድ «አሁን ታያለሽ?» አለፈ፣ «አዎ፣ አሁን አያለሁ»ም አለፈ። ቻፕሊን ተዋናይቷን ቨርጂኒያ ቼሪልን አባሮ፣ ይህንኑ መጨረሻ በሌላ ተዋናይት ሞክሮ፣ መልሶ የቀጠራት ሰው ነው። ያን ያህል የተለፋበት ደቂቃ በእኛ ቃል ተበላሸ። ወንበሬ ላይ ሆኜ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ወዲህ የመጨረሻውን ጽሑፍ ቀድሜ ተርጉሜ፣ አስፈርሜ ነው ወደ መጀመሪያው የምመለሰው።

ያን ዕለት መብራቱ ሲበራ ለመናገር ወደ ጋሼ ሄድኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመሀረብ እየጠረጉ ነበር። ሳቁን የሰሙም አልመሰለኝ።