ሾርት ሴል ቤት ለመግዛት ካሰባችሁ ሁለተኛውን ብድር ጠይቁ

ሰሞኑን አንዲት ዘመዴ ደወለችልኝ። ታውንሃውስ አይታለች፤ ዋጋው ከሰፈሩ ቤቶች በጣም ይወርዳል፤ ማስታወቂያው ላይ ሾርት ሴል ይላል። ደስ ብሏታል። እኔ ግን እንኳን ደስ ያለሽ ከማለቴ በፊት «ቤቱ ላይ ስንት ብድር አለ?» አልኳት። አታውቅም። ኤጀንቷም አልጠየቀም። እኛ በ2010 ስንገዛ ይህን ጠይቁ ያለን ሰው ቢኖር ኖሮ 8 ሺ ዶላር አይቀርብንም ነበር።

ለማያውቀው ነገሩ እንዲህ ነው። ሻጩ ያለበት ዕዳ ቤቱ ዛሬ ከሚያወጣው ዋጋ ይበልጣል። የየወሩን ክፍያም መክፈል አቅቶታል። ባንኩ ቤቱን ነጥቆ በሐራጅ ከመሸጥ ይልቅ ጎዶሎውን ተቀብሎ ሻጩ ራሱ እንዲሸጠው ይፈቅዳል። ቤቱን የምትገዙት ከሰውየው ይመስላችኋል። ዋጋውን የሚያጸድቀው፣ ቀኑን የሚቆርጠው ግን ባንኩ ነው። ሻጩ ከሽያጩ አብዛኛውን ጊዜ ሳንቲም አያገኝም። ስለዚህ አይቸኩልም። ባንኩም አይቸኩልም። የምትቸኩሉት እናንተ ብቻ ናችሁ።

የኛ ቤት ሎረል፣ ሜሪላንድ ነው። ሻጩ በ2006 በ330 ሺ ዶላር ገዝቶታል። ያኔ ቅድሚያ ክፍያ ሳይኖር ቤት መግዛት ይቻል ነበር። 80 በመቶውን አንዱ ባንክ ያበድራል፣ 20 በመቶውን ሌላው። በሱ ቤት ላይ 264 ሺ እና 66 ሺ ማለት ነው። ከዚያ የቤት ገበያው ወደቀ፤ የግንባታ ሥራውም ቆመበት። እኛ 185 ሺ አቀረብን። በማግስቱ ፈረመ። ባለቤቴ ዶሮ እንሥራ አለ። ሠራን።

የቸኮልነው በምክንያት ነው። ያን ጊዜ እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2010 ውል ፈርሞ እስከ ጁን 30 ክሎዚንግ (ቤቱ ወደ ገዢ የሚዞርበት የመጨረሻ ፊርማ) ለሚጨርስ የመጀመሪያ ቤት ገዢ መንግሥት ከዋጋው 10 በመቶ፣ ቢበዛ 8 ሺ ዶላር፣ በታክስ በኩል ይመልስ ነበር። እኛ ውሉን በኤፕሪል ፈረምን። ሁለት ወር ይበቃል ብለን።

የራሳችን ብድር አላስቸገረንም። እኔ ሆስፒታል ተቀጣሪ ነኝ፤ ባለቤቴ ታክሲ ስለሚነዳ የሁለት ዓመት ታክስ ወረቀቱን አቀረበ። ኤፍኤችኤ የሚባለው፣ መንግሥት ዋስ የሚሆንበት ብድር ነበር፤ ቅድሚያ ክፍያው 3.5 በመቶ። እሱ ከዕቁብ ነው የወጣው። ሎን ኦፊሰሩ (ብድራችንን የያዘው ሠራተኛ) አካውንታችን ውስጥ በአንድ ቀን የገባውን ገንዘብ አይቶ ከየት መጣ አለ። የዕቁቡ ዳኛ ደብዳቤ ጽፈው ፈረሙልን፤ አላረካውም። በኋላ ነገሩ ከመጓተቱ የተነሳ ብሩ አካውንት ውስጥ ብዙ ወር ቆይቶ ጠያቂም አጣ። ባንኮቹ የሚያዩት የቅርብ ሁለት ወር ስቴትመንት ነው። ዕቁባችሁን ቀደም ብላችሁ አስገቡ፣ በቃ።

አሁን ወደ ጉዱ።

የመጀመሪያው ባንክ ሻጩን ወረቀት ጠየቀው። የችግር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ታክስ። ሁሉም በፋክስ። ሰውየው ላከ። ከሳምንታት በኋላ «ማመልከቻው አልተሟላም» አሉ። ምን ጎደለ? የስቴትመንቱ አራተኛ ገጽ። የሻጩ ኤጀንት ገጹን አሳየችን። «ይህ ገጽ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ነው» ከሚል አንድ መስመር በስተቀር ምንም የለበትም። ሰውየው ባዶ ወረቀት ፋክስ ማድረግ ምን ያደርጋል ብሎ ትቶት ነበር። ባዶው ገጽ ሲላክ ደግሞ የደመወዝ ወረቀቱ አርጅቷል ተባለ፤ አዲስ ይምጣ። አዲሱ ሲሄድ ፋይሉን የያዘችው ሠራተኛ የውሃ ሽታ ሆነች። የተተካው ሰውዬ «ፋክሱ አልደረሰንም» አለ።

እሱም ሆኖ የመጀመሪያው ባንክ በኦገስት ፈቀደ። ኮንግረስም ብዙ ሰው እንደኛ መሃል መንገድ ላይ ስለቀረ የክሎዚንጉን ቀን እስከ ሴፕቴምበር 30 አራዝሞት ነበር። ኤጀንታችን ሐበሻ ነው፤ «አይዞሽ እህቴ፣ አለቀ» አለኝ። የፈቃድ ደብዳቤውን አነበብኩት። ለ30 ቀን ብቻ ያገለግላል። ወረድ ብሎ ደግሞ ሁለተኛው አበዳሪ ከሽያጩ የሚያገኘው 3 ሺ ዶላር ብቻ ነው፣ ከዚያ አንድ ሳንቲም ቢጨመር ፈቃዱ ይሰረዛል ይላል። ሁለተኛ አበዳሪ መኖሩን በደንብ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። የሻጩ ኤጀንት ግን ቤቱን ገበያ ላይ ካወጣችበት ቀን ጀምሮ ታውቃለች። ማስታወቂያው ላይ አልጻፈችውም፤ እኛም ስንፈርም አልነገረችንም። እስከ ዛሬ ሳስበው ቆሽቴ ያርራል።

የሁለተኛው ባንክ ጉልበት ከየት እንደሚመጣ ልብ በሉ። ቤቱ በሐራጅ ቢሸጥ መጀመሪያ የሚከፈለው አንደኛው ነው። ቤቱ 185 ሺ ያወጣል፣ አንደኛው ብቻ 264 ሺ ይጠብቃል። ለሁለተኛው የሚተርፍ ነገር የለም። በደረቅ ሒሳብ 3 ሺ ዶላር ለሱ ከሰማይ የወረደ ነው። ግን ዕዳው በካውንቲው መዝገብ ቤቱ ላይ ተጽፏል። እሱ ለቅቄአለሁ ብሎ ካልፈረመ ቤቱ ንጹሕ ሆኖ ወደ እናንተ አይዞርም። ይህን ያውቃል። ስለዚህ ይቀመጥና ይጠብቃል። 10 ሺ አምጡ አለ።

አንደኛው ከ3 ሺ አላልፍም ይላል። ሁለተኛው ከ10 ሺ አልወርድም ይላል። ሁለቱ በቀጥታ አይነጋገሩም። የአንዱን ቃል ወደ ሌላው የምታመላልሰው የሻጩ ኤጀንት ናት፣ በፋክስ። ሁለተኛው ባንክ ውስጥ ፋይሉ የነበረው ደግሞ ሾርት ሴል ክፍል ሳይሆን ዕዳ አስመላሾቹ ዘንድ ነው። እነዚህ ሥራቸው ሰው ማስጨነቅ ነው። ሻጩን ማታ ማታ እየደወሉ ከዘመድ ተበደር ይሉት ነበር።

ከዚያ ከድጡ ወደ ማጡ። አንዱ አስመላሽ ለሻጩ ኤጀንት ስልክ ደውሎ «ልዩነቱን ገዢዎቹ ለብቻ ቼክ ጽፈው ይላኩ፣ ክሎዚንጉ ወረቀት ላይ መግባት የለበትም» አላት። እንዲህ ያለውን ነገር በጽሑፍ አይሰጡም። ባለቤቴ ወዲያው ሒሳብ ሠራ። «8 ሺው ከመጣ 7ቱን ብንሰጣቸው አንድ ሺ ይተርፈናል፣ እንገላገል» አለ። አልዋሽም፣ እኔም ልቤ ወደዚያ አዘንብሎ ነበር። የታይትል ካምፓኒዋ (የቤቱን የባለቤትነት መዝገብ አጣርቶ ክሎዚንጉን የሚያስፈጽመው ድርጅት) ሴትዮ ናት ያስቆመችን። ከዚህ ሽያጭ ጋር የተያያዘ ማንኛውም ክፍያ ያኔ ሁድ-1 በሚባለው የሒሳብ ወረቀት ላይ መታየት አለበት አለችን። እናንተም ሻጩም ሌላ ክፍያ የለም ብላችሁ ትፈርማላችሁ፤ ከሰጣችሁ ባንክ አታላችኋል ማለት ነው፤ የፌዴራል ወንጀል ነው። አስመላሹ ግን ስሙን እንኳ በወረቀት አላሰፈረም። ዛሬ ወረቀቱ ሌላ ስም ይዟል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ማንም ሰው ከጠረጴዛው ውጭ ክፈሉ ካላችሁ እምቢ በሉ።

ሴፕቴምበር 30 ሐሙስ ነበር። ሌሊት ሥራ ገባሁ። ሁለቱ ባንኮች በ7 ሺ ዶላር እየተጓተቱ የኛ 8 ሺ ሄደ። የትኛውን ባንክ ነው የምጠይቀው? ሁለቱም ደንቡን ተከትለናል ይላሉ።

በኦክቶበር ደግሞ ቤቱ ለሐራጅ ቀን እንደተቆረጠለት ሰማን። እንዴት ሊሆን ይችላል? ያው ባንክ ለኛ ፈቅዶልን የለም እንዴ? ሲጣራ የሐራጅ ክፍሉና የሾርት ሴል ክፍሉ አይተዋወቁም። ያዳነን ሌላ ቅሌት ነው። በዚያው ሰሞን የትልልቅ ባንኮች ሠራተኞች የሐራጅ ሰነዶችን ሳያነቡ በገፍ ሲፈርሙ እንደኖሩ ታወቀና ብዙዎቹ ሐራጅ ለጊዜው አቆሙ። የኛም ቀን ተሰረዘ። እኛን በባዶ ገጽ ወራት ያንከራተተ ዘርፍ ራሱ ሰው ከቤቱ የሚያስወጣበትን ወረቀት አያነብም ነበር። ዜናውን ሳይ ሳቅኩ፣ ግን የደስታ ሳቅ አይደለም።

መጨረሻ ላይ ሁለተኛው ወደ 6 ሺ ወረደ። ሁለቱ ኤጀንቶች ከኮሚሽናቸው 3 ሺ ቀነሱ፤ አንደኛው ባንክ ያንን ቅናሽ አይቶ ለሁለተኛው 6 ሺ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ሁሉም በሒሳብ ወረቀቱ ላይ ተጻፈ። የፈቃድ ደብዳቤው ጊዜው ስላለፈበት እንደገና ወጣ። በኖቬምበር ክሎዚንግ ሆነ። ፊርማው አንድ ሰዓት አልፈጀም። በፀደይ ወደ 5 በመቶ ይጠጋ የነበረው ወለድ እስከዚያ ወደ 4 ተኩል ወርዶ ነበር። ባለቤቴ ባንኮቹን እናመስግን ይላል። እኔ አላመሰግንም።

አሁን ለሚገዛ ሰው የምለው አለኝ፤ ኤጀንቶች ባይስማሙም።

ኢንስፔክሽን (ቤቱን በባለሙያ ማስመርመር) ባንኩ ከፈቀደ በኋላ አድርጉ፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ ይሏችኋል። እኔ ቀድማችሁ አድርጉ ባይ ነኝ። ስድስት ሰባት ወር ከጠበቃችሁ በኋላ ጣሪያው ቢያፈስ እንኳ ጥሎ የመሄድ አቅም አይኖራችሁም፤ ምንም ነገር ይቅር ትላላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ዓይናችሁ ክፍት ነው። አፕሬዛል (ለብድሩ የሚሠራው የቤቱ ዋጋ ግምት) ግን በተቃራኒው፣ የፈቃድ ደብዳቤው እጃችሁ ሳይገባ እንዳታሠሩ። የኛ ሎን ኦፊሰር በጁን አሠራው፤ የኤፍኤችኤ አፕሬዛል ያኔ የሚያገለግለው 120 ቀን ነው፤ ሁለት ጊዜ ከፈልን። የብድራችሁን ወለድም ያለ ፈቃድ ደብዳቤ ሎክ አታድርጉ፣ ማለትም በአንድ መጠን አታስሩ። ከተከራያችሁበት ቤት እለቃለሁ ብላችሁም አትናገሩ፤ ሊዛችሁን ወር በወር አድርጉት።

ከሻጩ ጋር አትነጋገሩ ይላሉ። በዋጋ አትነጋገሩ፣ እሺ። ስልኩን ግን ያዙ። ይህን ሽያጭ በሕይወት የሚያቆየው የሱ ወረቀት ነው፤ በየወሩ አዲስ ስቴትመንት የሚልከው እሱ ነው፤ ተስፋ ቆርጦ ቢተወው የሚቀጣው የለም። እኛ አንድ ቀን ቡና ይዘን ሄድን። በረንዳው ላይ ከሚስቱ ጋር ቁጭ ብሎ የፖስታ ቁልል ያይ ነበር፤ ያልተከፈቱትን ለብቻ ደርድሯቸዋል። አንዱን ከፈትኩለት፤ አንደኛው ባንክ በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘ ፋይሉን እዘጋለሁ ይላል። ከአሥሩ ቀን የቀሩት ጥቂት ናቸው። በማግስቱ ባለቤቴ በታክሲው ወስዶት ፋክሱን አብረው ላኩ።

ከኛ በኋላ ደንቡ ተሻሽሏል። ከጁን 2012 ጀምሮ ፋኒ ሜይ እና ፍሬዲ ማክ (የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዙ ትልልቅ ድርጅቶች) የያዟቸው ብድሮች ላይ ባንኮች በ30 ቀን መልስ እንዲሰጡ፣ ቢበዛ በ60 ቀን እንዲወስኑ ታዘዘ። በኖቬምበር ደግሞ ለሁለተኛው አበዳሪ የሚሰጠው ጣሪያ 6 ሺ ሆነ። ጥሩ ነው። ግን ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ማመልከቻው ሲሟላ ነው። ባዶዋን አራተኛ ገጽ አትርሱ።

የባለቤትነት ኢንሹራንስ (ቤቱ ላይ የቀረ የድሮ ዕዳ ቢመጣ የሚከላከልላችሁ) ሲቀርብላችሁም ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ አትዝለሉት። ሁለተኛው ባንክ ገንዘቡን ተቀብሎ ዕዳውን ከመዝገብ ለማሰረዝ ሌላ ወራት ፈጀ። ጥር ላይ ሻጩ ደወለልኝ። በዚያው ባንክ ስም ደብዳቤ ደርሶታል፤ የሾርት ሴል ማመልከቻህ አልተሟላም፣ የቅርብ ጊዜ ስቴትመንት ላክ ይላል። «ምን ብላቸው ይሻላል?» አለኝ።

«ፋክሳችሁ አልደረሰኝም በላቸው» አልኩት።