ከበሩ በላይ ያለው አምፖል

የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ አሥራ አንድ ቤቶች በአንድ ረድፍ ቆመዋል፤ የእኛ ከዳር ሁለተኛው ነው። ከየበሩ በላይ አንዳንድ አምፖል አለ። ዓመቱን ሙሉ ስለዚያ አምፖል የሚያስብ ሰው የለም። ኦክቶበር 31 ሲመሽ ግን የሰፈሩ ልጆች ዓይን ሁሉ እርሱ ላይ ነው። ከበራ «ኑ፣ ከረሜላ አለ» ማለት ነው፤ ከጠፋ ደግሞ «እዚህ ቤት አትድከሙ» ማለት ነው። ደንቡን በወረቀት ያሰፈረው የለም፤ የአራት ዓመት ሕፃን ግን ያውቀዋል።

እኛ ያወቅነው ካፈርን በኋላ ነው።

ቤቱን ገዝተን የገባነው በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነበር። ከዚያ በፊት የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር ሃሎዊን የሚባለውን በዓል የምናውቀው ሱቅ ውስጥ በሚሰቀለው የፕላስቲክ አጽም ብቻ ነው። በዚያ ማታ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የበሩ ደወል ጮኸ። ከፍቼ ሳይ አንድ አጽም፣ አንድ ነብርና ክንፍ ያላት አንዲት ትንሽ ልጅ ቆመዋል። ሦስቱም በአንድ ድምፅ «ትሪክ ኦር ትሪት!» ብለው ዱባ የሚመስሉ ባልዲዎቻቸውን ዘረጉልኝ።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት «ምን ፈልገው ነው?» አለች።

«እንጃ፣ የሚበላ ነገር ስጡን ነው የሚሉት» አልኳት።

የሚበላ ነገር የተጠየቀች ሐበሻ ሴት ወዴት ትሸሻለች? ያን ሰዓት ገብስ ቆልታ ከሱፍና ከኦቾሎኒ ጋር ቀላቅላ ጨርሳ ነበር። ሳህኑን ይዛ መጣችና ለእያንዳንዳቸው ከነሙቀቱ ሁለት ሁለት እፍኝ ሰፈረችላቸው። ቆሎው የቸኮላቱን ወረቀት እየመታ ሲወርድ ያሰማው ድምፅ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር የሚሰማው ዓይነት ነበር፤ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አጽሙ ባልዲውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። መንገዱ ላይ የእጅ ባትሪ ይዛ የምትጠብቃቸው እናት ፈገግ አለች። አሜሪካውያን ሲጨንቃቸው የሚያሳዩትን ፈገግታ ያን ጊዜ ገና አልለየሁትም ነበርና ደስ ብሎኝ እጄን አውለበለብኩላት።

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ቆሎው ከእኛ በር ጀምሮ እስከ አራተኛው ቤት ድረስ መንገዱ ላይ ተዘርቷል። ሁለት ሽኮኮዎች ተቀምጠው ይለቅማሉ።

የሥራ ባልደረባዬ ታሪኩን ስነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀና አስረዳኝ። ልጆቹ ቤታቸው ሲገቡ ወላጆች ያገኙትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይመረምራሉ፤ በፋብሪካ ያልታሸገ ነገር ወዲያውኑ ይጣላል። ሰው መርዝ ይፈራል፣ ምላጭ ይፈራል። በ1974 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ አንድ ልጅ በሃሎዊን ማታ በመርዝ በተለወሰ ከረሜላ ሞቷል፤ መርዙን የጨመረው ግን የማይታወቅ ጎረቤት ሳይሆን የገዛ አባቱ ነበር። ፍርሃቱ የቀረው ለጎረቤት ነው። ኦቾሎኒማ ሌላ ጣጣ ነው። የማይስማማቸው ልጆች ስላሉ፣ አንዳንድ ቤቶች ሰማያዊ የሚመስል አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዱባ ደጃቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ «ከምግብ ሌላ የምንሰጠው ትንሽ መጫወቻ አለን» ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ልገድላቸው ነበር በለኛ!»

በቀጣዩ ዓመት ከረሜላ ገዝቼ ልገባ ስዘጋጅ እርሷ ሐሳቧን ጨርሳ ጠበቀችኝ። አጽም፣ ጠንቋይ፣ ቀንድ ያለው ጭንብል፤ ይህ በዓል የክርስቲያን አይደለም። ቀኑስ? ኦክቶበር 31 በእኛ ጥቅምት 21 ነው፣ ወርኃዊው ማርያም። በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ 20 ላይ ይውላል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው የጽጌ ጾምም ገና አላለቀም። «በእመቤታችን ቀን፣ በጽጌ፣ የአጋንንት መልክ ለለበሰ በሬን አልከፍትም» አለች። ምን እመልሳለሁ? ከረሜላው ሳይገዛ ቀረ፤ መብራቱ ጠፋ።

መብራት ማጥፋት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እኛ ግን ተደበቅን። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ መጋረጃ ይዘጋል፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይቀነሳል፣ ስልኮች ፊታችንን እንዳያበሩ ይደፋሉ። ውጭ ልጆች እየሳቁ ሲያልፉ እኛ የዕቁብ ዕዳ እንዳለበት ሰው ትንፋሻችንን እንይዛለን። ያም ሆኖ የሚቁላላ ሽንኩርት የት ይደበቃል? ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ የወጡ ሽታ ለመንደሩ ሁሉ ይናገራል። ልጄ አራት ዓመት ሲሞላት ጭኔ ላይ ተቀምጣ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ከማን ነው የተደበቅነው?»

«ከማንም አልተደበቅንም፤ እያረፍን ነው።»

«ታዲያ ለምን በሹክሹክታ ታወራለህ?»

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ለቡሄ ሆያ ሆዬ ስንል ዱላችንን እኩል መሬት እየመታን፣ የቤቱ ባለቤት እስኪወጣ ድረስ አንነቃነቅም ነበር። መብራት ቢያጠፋ ጭፈራው ይብስበታል እንጂ አይቀርለትም። ሙልሙሉን ወይም ሳንቲሙን ሲሰጥ መርቀነው ወደሚቀጥለው ቤት እንሮጣለን። እምቢ የሚልበት ሥርዓት አልነበረውም። እዚህ አገር እምቢታም ሥርዓት ተበጅቶለታል፤ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ተጭነህ ማንንም ሳታስቀይም ትቀራለህ። እውነቴን ነው፣ ነገሩን አደንቀዋለሁ። በሰፈራችን መብራት ያጠፋን ሰው የሚነካ፣ በማግስቱም «ለምን?» የሚል የለም። ችግሩ የእኔ ነው። ደጅ የቆመ ሰው ሲኖር እግሬ ሳልጠይቀው ይነሣል፤ ቁጭ በል ስለው ደግሞ ሌሊቱን ሁሉ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ባለቤቴን ለመርታት ማንበብ ጀመርኩ። ሃሎዊን ኖቬምበር 1 ቀን የሚከበረው የምዕራባውያን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ወደ አሜሪካ በብዛት ያመጡት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሰደዱት አይሪሾች ናቸው፤ አገራቸው ሳሉ የሚፈለፍሉትና መብራት የሚያስገቡበት ዱባ ሳይሆን ተርኒፕ የሚባል ሥር ነበር። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኳር በራሽን ሲሆን የልጆቹ ዙረት ተቀዛቅዞ፣ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ገንኗል። ይህን ሁሉ ስደረድርላት ሽንኩርቷን እየከተፈች ታዳምጠኛለች። ቢላዋዋን ያስቆማት ግን ሌላ ነገር ነው። ድሮ እንግሊዝ ውስጥ ድሆችና ልጆች በዚያ ሰሞን ቤት ለቤት እየዞሩ ትንሽ ክብ ዳቦ ይቀበሉ፣ በምላሹም ለዚያ ቤት ሙታን ነፍስ ይጸልዩ ነበር።

«እንደ ተዝካር በለኛ» አለች።

«እንደዚያ ነው።»

ጥቂት አሰበችና «አሁን ግን ማን ይጸልያል?» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

በረድፋችን ጨለማ የሚሆኑት ሦስት ቤቶች ናቸው። አንዱ እኛ ነን። ሌላው ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ቤተሰብ ሲሆን ወንጌላውያን ናቸው፤ በዚያ ማታ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቸርቻቸው ይሄዳሉ። እዚያም መኪና ማቆሚያው ላይ ምእመናን የመኪናቸውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍተው ከረሜላ ያድላሉ። ከረሜላው ያው ነው፤ የበዓሉ ስም ብቻ «የመከር በዓል» ይባላል። ሦስተኛው ከወዲያኛው ዳር ያለ፣ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በልቤ ቋጣሪ ስለው ኖሬያለሁ። የእኛ ጨለማ ሃይማኖት፣ የእርሱ ጨለማ ንፍገት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ እናቴ ልትጠይቀን መጣች። በማግስቱ ዓመት፣ ማለትም በ2018፣ ጥቅምት 21 ዓርብ ዋለ። እናቴ ደብረ ብርሃን ሳለች ማርያምን በየወሩ ትዘክራለች፤ አሜሪካ ነው ብላ ልታስቀር አልፈለገችም። ሐሙስ ማታ አቦካች። ከእስያውያን ሱቅ በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል ገዛሁላት፤ አቅልጣ፣ ጠርጋ፣ ትሪው ላይ አነጠፈችው። ዓርብ ጠዋት ጥቁር አዝሙድና ድንብላል የገባበት ድፎ ከምድጃው ሲወጣ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። በነጭ ጨርቅ ሸፍና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

እንግዳ እየጠበቀች ነበር። ጎረቤት ጥራ አለችኝ፤ ሥራ ላይ ናቸው አልኳት። ባለቤቴ ሥራ ናት፣ ልጄ ትምህርት ቤት፣ እኔም ከሰዓት በኋላ መውጣት ነበረብኝ። አመሻሽ ላይ ስመለስ ጨርቁ እንደተሸፈነ ነው፤ እናቴም ከወንበሯ አልተነሣችም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾሟን የፈታችውም በዚያ ዳቦ ሳይሆን ትናንት ባደረው ሽሮ ነው። «ዝክር ብቻ አይበላም» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሲመሽ እንደ ልማዳችን መብራቱን አጠፋን፣ መጋረጃውን ዘጋን። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። አምፖል አይቶ የማይመለስ ልጅ በየዓመቱ አንድ ሁለት አይጠፋም። እኔና ባለቤቴ እንደለመድነው ደርቀን ቀረን።

«ሰው ያንኳኳል» አለች እናቴ።

«ተዪው እማዬ፣ ይሄዳሉ።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት? በማርያም ዕለት? ከደጄ?»

ሳልደርስባት ከፈተችው። ከኮሪደሩ በሚወጣው ብርሃን አራት ልጆች ታዩ፤ ከፊት ያለው ፊቱን ነጭና ጥቁር የተቀባ አጽም ነው። እናቴ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች፤ አላፈገፈገችም ግን። ጎንበስ ብላ አገጩን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ምነው፣ ይህን የመሰለ ልጅ ምን አደረጉት?» ብላ ቀለሙን በአውራ ጣቷ ልትጠርግለት ሞከረች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ጨርቁን ገለጠች፤ ድፎውን ቆርሳ በሶፍት ጠቅልላ በየባልዲያቸው አስቀመጠችላቸው። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፋ ታያለች፤ ቃል አልወጣትም።

እናቴ እጇን ዘርግታ «እመቤቴ ታሳድጋችሁ፣ ከክፉ ሁሉ ትሰውራችሁ» አለችና ዝም ብላ ጠበቀች። ልጆቹም ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ልጄ ከደረጃው ላይ ሆና በእንግሊዝኛ «አሜን በሉ እንጂ! ካላላችሁ አትገባም!» ብላ ጮኸች። አራቱም አንድ ላይ «ኤይሜን!» አሉ። እናቴ ሳቀች፤ ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ከመንገዱ ላይ አንድ አባት ወደ እኔ ቀረበና ዳቦው ውስጥ ምን እንዳለ በትሕትና ጠየቀኝ። ወተት የለውም፣ እንቁላል የለውም፣ ቅቤ የለውም፣ ኦቾሎኒም የለውም አልኩት። ጾም ለፈረንጅ ማስረዳት እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም። ይብሉት ይጣሉት አላውቅም። በማግስቱ መንገዱን አየሁት፤ ፍርፋሪ አልነበረበትም። እርግጥ ሽኮኮዎቹ ቀድመውኝ ሊሆን ይችላል።

ልጆቹ ሲሄዱ እናቴ ደጁ ላይ ቆማ ረድፉን ወደ ዳር ተመለከተች።

«ያ ጨለማ ቤትስ? ኀዘን ላይ ናቸው?»

«የለም፣ አንድ ሽማግሌ ነው ያለው። ከረሜላ መስጠት ስለማይፈልግ ነው ያጠፋው።»

«ሽማግሌ ብቻውን በጨለማ ተቀምጦ እኛ ዳቦ ይዘን?» አለችና ትልቅ ቁራሽ በሳህን አድርጋ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ብርድ ነው ብዬ ሳቅማማ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውልቃ እስከ ራሴ ድረስ አከናነበችኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመብራቱን ሕግ አክብሬ፣ መብራቱ ጠፍቶ እያለ ሲያንኳኩብኝ ደግሞ እየተማረርኩ ኖሬ፣ በዚያ ማታ የጠፋ መብራት ያለበትን በር አንኳኳሁ። ከውስጥ «ከረሜላ የለም! መብራቱ አይታይህም?» የሚል ድምፅ መጣ። ጎረቤትህ ነኝ ብዬ ስሜን ተናገርኩ። ብዙ ቆይቶ በሩ ስንጥቅ ያህል ተከፈተ። ሁለት እጆቹ የብረት መደገፊያ ጨብጠዋል። ጉልበቱ አስቸግሮታል፤ በየሁለት ደቂቃው ተነሥቶ በር መክፈት ካልቻለ ዓመታት ሆኖታል።

ሳህኑን አየ። ቀጥሎም ጋቢውን ከራሴ እስከ ጉልበቴ ድረስ አየው።

«ለመሆኑ የማንን ልብስ ነው የለበስከው?» አለኝ።

«የእናቴን» አልኩት።