ካርቱም ልሄድ ነበር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. የገና በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን፣ ከእናቴ ቤት ነው። ሌሊት የወረደው አመዳይ ከጓሮው ሣር ላይ ገና አልለቀቀም። ጋቢ ተከናንቤ ምድጃው አጠገብ ተቀምጫለሁ። ያለፉትን ሁለት ገናዎች ያሳለፍኩት ኡጋንዳ ነው። አምና ታኅሣሥ 29 ማክሰኞ ነበር የዋለው። እዚያ ሰው ገናን ካከበረ ሁለት ሳምንት ስለሆነው፣ ለጎረቤቶቼ ተራ ማክሰኞ ነበር። እኔ ጀሪካን ይዤ የውሃ ወረፋ ላይ ቆሜ የእናንተን "እንኳን አደረሰሽ" አነብ ነበር። ያን ቀን የጻፋችሁልኝ ሁሉ፣ ተባረኩ።

ብዙዎቻችሁ "ሱዳን ልትሄጂ አልነበር እንዴ? ኡጋንዳ እንዴት ገባሽ?" ትሉኛላችሁ። በአጭሩ መመለስ ስለከበደኝ ነው ዝም ያልኩት።

አዎ፣ ለወንጌል አገልግሎት ካርቱም ልሄድ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ዐረብኛ ተማርኩ። ምእመናኑ ጸልየው ሊሸኙኝ ቀን ቆርጠው ነበር፤ ጉዞው ግንቦት 2015 ላይ ነበር። ሚያዝያ 7፣ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ እናቴ ለዶሮው ሽንኩርት ታቁላላለች፣ እኔ እንቁላል እልጣለሁ። ወንድሜ ስልኩን ይዞ ገባና "ካርቱም ውጊያ ተጀምሯል" አለ። እናቴ ማማሰያውን አስቀመጠች። "ተመስገን፣ ሳትሄጂብኝ" አለች። እኔ የያዝኩትን እንቁላል ልጬ ጨረስኩ፤ ሌላም አነሳሁ። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር። በዚያው ሳምንት ስንት ሰው "ለበጎ ነው" አለኝ! በፍቅር እንዳሉት አውቃለሁ። ግን እባካችሁ፣ ለደነገጠ ሰው ይህን ቃል ቶሎ አትበሉት። የእኔ ዕቅድ መቀየሩ ለበጎ ሊሆን ይችላል። የካርቱም ሰዎች ቤት የፈረሰው ግን እኔ ትምህርት እንዳገኝበት አይደለም።

በዚያ የጥበቃ ጊዜ ስለ ክራፍ አነበብኩ። በልጅነታችን በትምህርት ቤት ጉዞ አንኮበር ወጥተን፣ ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ላይ ሆነን ቁልቁል የአፋርን ቆላ ስናይ፣ ስለዚህ ሰው የነገረን አልነበረም። ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. አንኮበር፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። ሐሳቡ በሸዋ በኩል ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መሄድ ነበር፤ ቋንቋውንም ተምሮ ወንጌል መተርጎም ጀምሮ ነበር። በ1842 ሊመለስ አስቦ ከሸዋ ወጣ። ወጥቶ ሚስት አገባ፣ መመለሻው ግን ተከለከለ። በ1844 ሞምባሳ ገባ። በዚያው ዓመት ሚስቱንና አራስ ልጁን እዚያ ቀበረ። እሱ ግን ቀረ፤ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላትም አዘጋጀ። ታሪኩ አጽናናኝ ማለት ይከብደኛል። እነዚያ ሁለት መቃብሮች ያስፈሩኛል። ብቻ፣ ከእኛው ተራራ የወረደ አንድ ሰው ካላሰበበት አገር እንደተቀመጠ ማወቄ ሻንጣዬን እንደገና ለማዘጋጀት ጉልበት ሰጠኝ።

ላኪዎቼ ኡጋንዳ ሂጂ ሲሉኝ ብዙ አልጠየቅሁም። ኪርያንዶንጎ ከሱዳን የሸሹ ሰዎች የተጠለሉበት ሰፈር ነው። አብራኝ የተላከችው እህት በሦስተኛው ወር ታማ ተመለሰች። ልጆችን ማንበብ ላስተምር ነበር የሄድኩት፤ የተገኘው ሥራ ግን እናቶችን ክሊኒክ ማድረስና ማስተርጎም ሆነ። ከመጽሐፍ የተማርኩት ዐረብኛ ለውርጃና ለልጅ ተቅማጥ ቃል አልነበረውም። ያንን ያስተማሩኝ ራሳቸው ሴቶቹ ናቸው።

ከእነሱ አንዷን ኻልቲ እላታለሁ፤ አክስቴ ማለት ነው። ከካርቱም የመጣች ናት። አንድ ቀን ኪስራ ስትጋግር ደረስኩ። የቦካ የማሽላ ሊጥ በጋለው ብረት ላይ ታፈስና፣ ከዘንባባ በተሠራች ትንሽ መግፊያ ጫፍ ድረስ ትገፋዋለች። እንደ ወረቀት ይሳሳል። ሽታው የእናቴ ቤት የአብሲት ሽታ ነው። ዝም ብዬ ቆሜ ቀረሁ። "ምነው?" አለችኝ። "እናቴ" አልኳት። መግፊያዋን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። የመጀመሪያው ተቀደደ፣ ሁለተኛውም። ከዚያ በጀበና ዝንጅብል ያለበት ቡና አፈላች። ጀበናን እነሱም ጀበና ነው የሚሉት።

ባለፈው ዓመት ገና ሰሞን፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን በዐረብኛ አነበብኩላቸው። ዮሴፍ በሌሊት ተነስቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ የሸሸበትን። ይህን ክፍል ከሕፃንነቴ ጀምሬ ሰምቼዋለሁ። ኻልቲ አቋረጠችኝ። "ስንት ቀን ሄዱ? ለሕፃኑ ውሃ ከየት አገኙ?" ጠይቄው የማላውቀው ጥያቄ ነው። መጽሐፉ አይልም አልኳት። እሷ ግን የራሷን መንገድ መተረክ ጀመረች፤ ስንት ቀን፣ የት የት ውሃ እንዳገኙ፣ የት እንዳጡ። መጽሐፉን ዘግቼ አዳመጥኳት። እዚያ የተላክሁት ለዚህ ይሆናል ብዬ ያመንኩት ያን ማታ ነው።

እናቴ አሁንም ትከራከረኛለች። "ስደተኛ ለማገልገል ኡጋንዳ ድረስ? ከወለጋ የተፈናቀሉት እዚሁ ከተማችን አሉ አይደል ወይ?" ትለኛለች። ትክክል ናት። ስለዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወደ እነሱ እየሄድኩ ነው። ልብሳችሁን፣ ብርድ ልብሳችሁን የላካችሁልኝ ደርሷል። ለአገራችን ሰላም አብረን እንጸልይ።

ከጥምቀት በኋላ እመለሳለሁ። እናቴ ትናንት ሳልነግራት ገብስ አውጥታ መቁላት ጀመረች። "ለማን ነው?" ብላት፣ "ለዚያች ለአክስትሽ። በሶ ታውቃለች?" አለችኝ።

መልካም ገና ይሁንላችሁ!