ስብሰባውን መጨረሻ ላይ አድርጉት

ይህን የምጽፈው ከተለያየ አገር ከመጡ ሰዎች ጋር «አንድ ችግር ፍቱ» ተብላችሁ ለምትላኩ ነው። እኔ ስላክ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግረኝ ኖሮ አንድ ሙሉ በጋ ይተርፍ ነበር።

ቦታው ምሥራቅ ጎጃም ነው። ከጮቄ ተራራ የሚወርድ ወንዝ ተጠልፎ በበጋ ሽንኩርትና ድንች የሚለማበት አነስተኛ መስኖ። ቡድኑን የሚመራው የኔዘርላንድ የመስኖ መሐንዲስ ነው። ሕንዳዊ የግንባታ መሐንዲስ፣ ኬንያዊት የፋይናንስ ኃላፊ፣ የወረዳ ባለሙያዎች፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ውሃ እንዲያከፋፍሉ ገበሬው ራሱ የመረጣቸው የውሃ አባት አሉበት። እኔ አስተባባሪ ነኝ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበል። ሰዓትና ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ አለዚያ ግማሹ ሰው ሳይመጣ ይቀራል። ረቡዕና ዓርብ ምሳ ስታዙ ጾም መሆኑን አትርሱ። አስተርጓሚ በገንዘብ ቅጠሩ። የወረዳውን ኃላፊ «አንተ ተርጉምልን» አትበሉት። ኃላፊው እየተረጎመ፣ የኃላፊውን ጥፋት የሚናገር ገበሬ የለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

ችግሩ የታወቀ ነበር። ከቦዩ ጫፍ ያሉት ገበሬዎች ውሃ አይደርሳቸውም። ከላይ ያሉት ሲጠግቡ የታችኞቹ ሽንኩርት ይደርቃል። ዋናው ቢሮ መፍትሔው እንዲገኝ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ዐውደ ጥናት አዘጋጀ። ከውጭ አሠልጣኝ አስመጣ። አሠልጣኙ በመጀመሪያው ጠዋት የየአገሩን ሰው ጠባይ በቁጥር የሚያሳይ ሰንጠረዥ ከፈተ። ነገሩ መነሻ አለው። ኸርት ሆፍስቴድ የተባለ ኔዘርላንዳዊ ተመራማሪ የኮምፒውተር ኩባንያውን የአይቢኤምን ሠራተኞች በብዙ አገሮች ጠይቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው ጥናት ነው። ሰው ለአለቃው ያለው ርቀት ከአገር አገር እንደሚለያይ ያሳያል። ጥሩ ጥናት ነው። ግን ስለ አገር እንጂ አጠገባችሁ ስለተቀመጠው ሰው አይነግራችሁም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የረዳን ነገር የለም።

ከዚያ «ሁሉም ሰው በነፃነት ይናገር» ተባለ። የቢሮው መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው። የኔዘርላንዱ መሐንዲስ ተናገረ፤ ችግሩ ደለል ነው አለ። በእሱ አገር ውሃ የሚያስተዳድሩ ቦርዶች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አሉ፤ ዛሬም 21 ናቸው። የማይስማማ ሰው ተነስቶ እዚያው ይከራከራል። ስለዚህ ዝም ያለውን ሁሉ የተስማማ አድርጎ ወሰደው። ሕንዳዊው ጥቂት ጨመረ። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቦዩንም ይሰነጥቀዋል አለ። በአገሩ በዴካን አምባ ጥጥ የሚበቅልበትን ጥቁር አፈር ያውቀዋልና ልክ ነበር። ሆኖም ሌላም ጥርጣሬ ነበረው። የቡድን መሪውን በእንግዶች ፊት መቃወም ስላልፈለገ ለራሱ ያዘው፤ ይህን የነገረኝ በኋላ ነው። ኬንያዊቷ «ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው» ብላ አልተናገረችም። የውሃ አባቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ አሉ። የቀበሌው ሊቀ መንበርና የወረዳው ባለሙያ ግራና ቀኛቸው ነበሩ።

አሠልጣኙ ተሳትፎው በጣም ደስ እንዳሰኘው ተናግሮ ዘጋው። ደለሉ ተጠረገ። ቦዩ በኮንክሪት ተለበጠ። ገንዘቡ ወጣ። የታችኞቹ ሽንኩርት እንደገና ደረቀ።

ዋናው ቢሮ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሌላ ዐውደ ጥናት እናዘጋጅ።» እንቢ አልኩ። አሁንም ደግ አደረግኩ እላለሁ።

ያደረግኩት ይህን ነው። ስብሰባ የሚባል ነገር አቆምኩ። ለእያንዳንዱ ሰው ካርድ ሰጠሁ። በፈለገው ቋንቋ፣ ስም ሳይጽፍ፣ «ያየሁት» የሚለውን ብቻ እንዲጽፍ ጠየቅኩ። መፍትሔ ክልክል ነው። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉት የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ቤታቸው ሄዳ ጻፈችላቸው። ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አንድሬ ዴልቤክና አንድሩ ቫን ደ ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረቡት ዘዴ አለ፤ ሰው መጀመሪያ በዝምታ ይጽፋል፣ ከዚያ በየተራ ይነበባል፣ ከዚያ ይወያያል፣ መጨረሻ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ለጎጃም ብሎ ያዘጋጀው እንጂ ሌላ አይመስልም።

ካርዶቹን ሳነብ ሁለቱ እጄ ላይ ቀሩ። አንዱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፦ የሌሊት ጥበቃ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለምን ሰኞና ማክሰኞ ይበዛል? ይህ ከሒሳብ መዝገብ በቀር ከየትም አይገኝም። ሌላው ከውሃ አባቱ አፍ የተጻፈ ነው፦ ቅዳሜና እሁድ ተራ የደረሰው ሰው ማሳው አይጠጣም።

በቃ፣ እሱ ነበር። የውሃ ተራው የወጣው በሰባት ቀን ነው። በዚያ አገር ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ሞፈር አይነሳም፣ ዶማም አይነሳም። የቅዳሜና የእሁድ ባለተራዎች ውሃቸው በከንቱ ይፈሳል። ሰኞ ሌሊት ቦዩን ሰብረው ይወስዳሉ። ጥበቃው ያድራል። ጫፍ ያለው ይደርቃል። በላዩ ላይ የወር በዓላት አሉ፤ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 በዓለ ወልድ። ቦዩ የሚያልፍባቸው አጥቢያዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው የየታቦታቸውን ቀን ያከብራሉ።

የውሃ አባቱን «ታዲያ ባሕር ዳር ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የጠየቃችሁን ስለ ሲሚንቶው ነው። ተራውንም ያወጡት አጠገቤ የተቀመጡት ናቸው። ሰው በሸንጎ ይዋረዳል?»

ይህን ለዋናው ቢሮ ጽፌ ላክሁ። ተመለሰ። ቅጹ ላይ ያሉት ሣጥኖች «ቴክኒክ» እና «ፋይናንስ» ብቻ ናቸው፤ የእኔ ግኝት «መረጃ ሳይሆን ወሬ ነው» ተባለ። የመዝገቡን ገጾች አያይዤ መልሼ ላክሁ። እስካሁን ያናድደኛል። ኮንክሪቱን ሲያጸድቁ ማስረጃ አልጠየቁም።

ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሰበሰብኩት፤ አዳራሽ ሳይሆን ቦዩ ዳር። ካርዶቹ ያለ ስም ተነበቡ። ወጣቶቹ ቀድመው፣ ኃላፊዎቹ መጨረሻ እንዲናገሩ አደረግኩ። ከፍ ያለ ሰው ይቅደም የሚለው ወግ ለሠርግ ይሁን፤ ችግር ሲፈታ ግን ትልቁ ከተናገረ ሌላው ሆድ ይፍጀው ብሎ ይቀመጣል። ለወረዳው ባለሙያ ከስብሰባው በፊት ለብቻው ነግሬው ነበር። ስለዚህ «ተራውን እናሻሽለው» ብሎ ሐሳቡን ያነሳው እሱ ራሱ ሆነ። ይህን እርምጃ አትዝለሉ።

አዲሱን ተራ የውሃ አባቱ አወጡት። ተራው በሥራ ቀን ብቻ ይቆጠራል፤ በዓል ሲገባ ወደ ማግስቱ ይሸጋገራል። በበዓሉ ቀን ውሃው ወደ ኩሬ ይገባል። የኩሬውን ልክ የኔዘርላንዱ መሐንዲስ አሰላ። ዋልካው እንዳይሰነጥቀው ሕንዳዊው አሠራሩን ነደፈ። ወጪው ከኮንክሪቱ እጅግ ያነሰ እንደነበር ኬንያዊቷ በመዝገብ አሳየች። በቀጣዩ በጋ ከጫፍ ያሉት ሽንኩርት ሸጡ።

የዋናው ቢሮ ቅጽ አልተቀየረም፤ መመሪያውም አሁንም «በነፃነት ይናገሩ» ይላል። እኔ ግን ሪፖርት በላክሁ ቁጥር ካርዶቹን ከኋላ አያይዤ ነው።